ዕቃ ዕቃ፤ የሕፃናት ጨዋታና የእጅ ሥራ ክብር

የአንድ አገር ታሪክ ሲጻፍ አስቀድሞ የሚነሣው የነገሥታቱ የዘመን ተራ፣ የጦርነቱ ውሎ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የቤተ መንግሥቱ ሥርዐት ነው። ይህም የተገባ ነው፤ የታላላቆቹ ሥራ ካልተጻፈ የታናናሾቹ ኑሮ በምን ጥላ ሥር እንደ ነበረ ለማወቅ አይቻልም። ነገር ግን ንጉሡም ሆነ ወታደሩ፣ ሊቁም ሆነ ገበሬው፣ ሁሉም አስቀድሞ ሕፃን ነበረ። ሕፃን በነበረበትም ጊዜ ከጓሮ ተቀምጦ ጭቃ ያድቦለቦለ፣ ዱላ ጋልቦ የሮጠ፣ የእናቱን ነጠላ ተከናንቦ እንደ ትልቅ ሰው የተጐማለለ ነው። የቀድሞ ዜና መዋዕል ጸሓፊዎቻችን የልጁን መወለድና ማደግ በጥቂት ቃል አመልክተው ወዲያው ወደ ዘመቻው ያልፋሉ።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ስለዚያ ስለ ታለፈው ዕድሜ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። ትዝታው ራሱ የሚጣፍጥ መሆኑን አንባቢ ያውቀዋል፤ ይሁን እንጂ ከትዝታው ጋራ አንድ ብርቱ ጥያቄ ተያይዞ ይመጣል። የደጋው ልጅ በጨዋታው ጊዜ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ አናጢ፣ ቀጥቃጭ ነበረ፤ በዚህም ሲያፍር አልታየም። ካደገ በኋላ ግን ያንኑ ሥራ እንጀራው ያደረገውን ሰው ሲንቅ ኖረ። ልጅ ያከበረውን ትልቅ ሰው ስለ ምን ናቀው? ይህንንስ ንቀት ለማስወገድ ምን ተደረገ? ምንስ ቀረ? የጽሑፋችን ምክንያት ይህ ነው።

ከስሙ እንጀምር። ዐማርኛችን ለጨዋታ የሚሆን የራሱ አነጋገር አለው። አንዱን ስም ሁለት ጊዜ ደግሞ በመጥራት፣ የሚነገርለት ነገር እውነተኛው ሳይሆን ልጆች አስመስለው ያበጁት መሆኑን ያስታውቃል። ዕቃ ማለት የቤት ዕቃ ነው፤ ዕቃ ዕቃ ሲባል ግን ጨዋታው ነው። ሙሽራ የተዳረችው ናት፤ ሙሽራ ሙሽራ ግን ልጆች ከአጥር ሥር የሚያደርጉት ሠርግ ነው። ፈረስ ፈረስ፣ ቄስ ቄስ፣ ባቡር ባቡር የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ በግሡ መጨረሻ «ኦሽ» የሚለውን መድረሻ ማግባት ነው፤ ከመደበቅ ድብብቆሽ፣ ከመቅለብ ቅልልቦሽ፣ ከማባረር አባሮሽ ይወጣል። አንድ ቋንቋ ለአንድ ነገር እንዲህ ያለ መልክ የሚያበጅለት፣ ነገሩ በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ሥር የሰደደ ሲሆን ነው። እንግዲህ የሕፃናት ጨዋታ በዜና መዋዕሉ ባይጻፍ እንኳ በሰዋስዉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው።

የዕቃ ዕቃ ጨዋታ የሚጀመረው ገል በመልቀም ነው። የተሰበረው እንስራ፣ የተሰነጠቀው ጀበና፣ ከምጣድ ጠርዝ የተገመሰው ስባሪ ከአመድ ማፍሰሻው ይለቀማል። ሰፊው ገል ምጣድ ይሆናል፤ ጐድጐድ ያለው ድስት ይባላል፤ ትንንሹ ለፍንጃልነት ይቀመጣል። ሦስት ጠጠር ጉልቻ ሆኖ ይተከላል። ደቃቁ አፈር ዱቄት ነው፤ በውሃ የተበጠበጠው ሊጥ ነው፤ ከአጥሩ የተቀነጠሰው ቅጠል ጐመን ነው። ከዚህ በኋላ ቤቱ ይታጠራል፤ በድንጋይ መሥመር እልፍኙ ከማድ ቤቱ ይለያል። አባት የተባለው ልጅ እርሻ ውሎ ይመለሳል፤ እናት የተባለችው እሳት ታነዳለች፤ እንግዳ ይመጣል፤ «ኖር» ተብሎ ይነሡለታል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ከጭቃው እንጀራ ቀርቦለት «በሞቴ ይብሉልኝ» እየተባለ ይለመናል። እንግዳውም እጁን ወደ አፉ አቅርቦ ያላምጣል፤ ጠገብሁ ብሎ ይመርቃል። በዚህ መካከል «ይህ እኮ ጭቃ ነው» ብሎ የሚናገር ልጅ ቢገኝ ጨዋታ አፍራሽ ተብሎ ይባረራል፤ ይህን ሕግ ያወጣ ሽማግሌ የለም፤ ነገር ግን በየመንደሩ ይከበር ነበር።

ከብት ጠባቂዎቹ ወንዶች ልጆች ደግሞ በመስኩ ላይ የራሳቸው ዓለም ነበራቸው። ከወንዝ ዳር ጥቁሩን ጭቃ ዝቀው በሬውን ከነሻኛው፣ ላሚቱን ከነጡትዋ፣ ፈረሱን ከነኮርቻው ይሠራሉ፤ ቀንዱ እንዳይሰበር ስንጥር ያስገቡበታል፤ በፀሐይም ያደርቁታል። ከጭራሮ ቀንበርና ሞፈር አበጅተው ሁለቱን በሬ ይጠምዳሉ። የአንዱ በሬ ወደ ሌላው መንጋ የተቀላቀለ እንደ ሆነ ጠብ ይነሣል፤ ከመካከላቸውም አንዱ ዳኛ ሆኖ ይሰየማል፤ ምስክር ይቆጠራል፤ ዋስ ይጠራል። ያ በሬ ዝናም ከመጣ ወደ ጭቃነቱ የሚመለስ መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ፤ ሙግቱ ግን እንደ እውነተኛ ሙግት በብርቱ ይካሄዳል።

ልብሱም የጨዋታው ታላቁ ክፍል ነው። በዚያ ዘመን ለልጅ ተብሎ የሚሰፋ የጨዋታ ልብስ አልነበረም፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ለዚህ ይበቃ ነበር። የአባት ጋቢ በትከሻ ላይ ከተጣለ ካባ ነው። ከብርድ የሚያስጥለው ደበሎ ጠጕሩ ወደ ውጭ ሲገለበጥ የጀግና ለምድ ይሆናል። የእናት ነጠላ ግንባርን ሸፍኖ ሲወርድ ሙሽራ ትወጣለች፤ ሚዜዎቹም አዝለዋት ይዞራሉ። የኮባ ቅጠል ለታቦት አጃቢው ጃንጥላ ነው፤ ረጅም በትር መቋሚያ ነው፤ ጠጠር የገባበት ጣሳ ጸናጽል ነው። ከአገዳ ልጥ መነጽር ተሠርቶ ከአፍንጫ ላይ ሲቀመጥ ከመንደሩ ልጆች አንዱ ድንገት ሊቅ ሆኖ ይገኛል። ከበቆሎ ቈረቈንዳ አሻንጉሊት ትበጃለች፤ የበቆሎው ጠጕር ጠጕርዋ ነው፤ ቡትቶ ለብሳ በሕፃኒቱ ጀርባ ትታዘላለች፤ ከዚያችም ሰዓት ጀምሮ ሕፃኒቱ እናት ናት፤ እሹሩሩ እያለች ታስተኛለች፤ ታስነጥሳለችና ብርድ መትቷታል ብላ ትጨነቃለች።

በዓላት ሲደርሱ ይህ ሁሉ ከጓሮ ወደ አደባባይ ይወጣል። በክረምቱ ሴቶች ልጆች እንሶስላ ወቅጠው ጥፍራቸውንና መዳፋቸውን ያቀላሉ። በቡሄ ሰሞን ወንዶቹ ልጥ ልጠው ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ማን ይበልጥ እንዳስጮኸ ይፎካከራሉ። የእንቍጣጣሽ ዋዜማ ሲሆን ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው ይጐነጕናሉ፤ በራሳቸውም ላይ እንደ አክሊል ያደርጉታል። በማግሥቱ ወንዶቹ ልጆች መልአክ፣ ፀሐይና አበባ የሣሉበትን ወረቀት እየያዙ ለሽማግሌዎች ያበረክታሉ። በገናም ቆልማማ ዱላ ከጫካ ቈርጠው፣ ጥንግ አዘጋጅተው ይጫወታሉ፤ በዚያ ቀን ጌታ ሎሌውን፣ ታላቅ ታናሹን እንዳይቈጣ ልማድ ነው። እነዚህን ሁሉ ስንቈጥር አንድ ነገር እናስተውላለን። ጅራፉም፣ አክሊሉም፣ ሥዕሉም፣ አሻንጉሊትዋም፣ በሬውም የሚጫወትበት ልጅ በገዛ እጁ የሠራው ነው። ከገበያ የተገዛ አንድ ስንኳ የለበትም። የሥራው ጊዜ ከጨዋታው ጊዜ የሚለይ አልነበረም፤ እንዲያውም አብዛኛው ጨዋታ መሥራቱ ነበር።

ይህ ጠባይ ለአገራችን ልጆች ብቻ የተሰጠ አለመሆኑን የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስረዳናል። ዛሬ ፓኪስታን በምትባለው አገር፣ በኢንዱስ ወንዝ ሸለቆ፣ የሞሄንጆ ዳሮ ጥንታዊት ከተማ ስትቈፈር ከሸክላ የተሠሩ ትንንሽ ሠረገላዎችና በሬዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ከ4000 ዓመት በላይ ነው። የዚያች ከተማ ሰዎች ጽሕፈት እስከ ዛሬ በተረጋገጠ መንገድ አልተነበበም፤ የልጆቻቸው ሠረገላ ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በሮም ከተማም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1889 ዓ.ም. ለፍርድ ቤት ሕንጻ መሠረት ሲቈፈር ክሬፔሬያ ትሪፌና የምትባል ወጣት መቃብር ተገኘ፤ ከአጠገብዋም እጅና እግርዋ የሚታጠፍ፣ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸች አሻንጉሊት ነበረች። በግሪክና በሮም ልማድ ልጃገረድ ስታገባ አሻንጉሊትዋን ለአማልክቱ ታበረክት ነበር። ይህችኛዋ ግን ከባለቤትዋ ጋራ ተቀበረች፤ ከዚህም የተነሣ ወጣትዋ ሳትዳር እንደ ሞተች ይገመታል። ስለ ሕይወትዋ ከዚህ የበለጠ የሚነግረን ጽሑፍ የለም።

ፒተር ብሩግል የተባለው የፍላንድር ሠዓሊም በ1560 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. አንድ የከተማ አደባባይ በልጆች ብቻ ሞልቶ ሥሎአል፤ ሥዕሉም በቪየና ቤተ መዘክር ይገኛል። በሥዕሉ ውስጥ ከ200 የሚበልጡ ልጆች ከ80 የሚበልጡ የጨዋታ ዐይነቶችን ሲጫወቱ ይታያሉ። ከእነዚህም መካከል በዱላ ፈረስ የሚጋልብ አለ፤ እንደ ሠርገኛ ሙሽራ አጅበው የሚሄዱ አሉ። የጐጃም ወይም የሸዋ ልጅ ያን ሥዕል ቢመለከት ልብሱ እንግዳ ይሆንበታል እንጂ ጨዋታው እንግዳ አይሆንበትም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያም በልጅነታቸው 132 ትንንሽ የእንጨት አሻንጉሊቶች ነበሩዋቸው፤ የብዙዎቹንም ልብስ ከሞግዚታቸው ጋራ ሆነው በገዛ እጃቸው ሰፍተውላቸዋል። የቤተ መንግሥት ልጅ ስለ ሆኑ ሰፊ ማዘዝ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ደስታው በመርፌው ውስጥ ነበረ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከላይ የዘረዘርናቸው የልጅ ሥራዎች በትልቅ ሰው ስም ቢጠሩ ሸክላ ሥራ፣ ቆዳ ሥራ፣ ሽመና፣ አናጢነት ይባላሉ። በአገራችን ብዙ ክፍል ግን እነዚህን ሙያዎች የያዘው ሕዝብ ሲናቅ ኖረ። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ ሸማ የሚሠራው «ቍጢት በጣሽ» እየተባለ ተሰደበ። ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ተወራባቸው፤ ከእነርሱ ጋራ መጋባት ቀርቶ አብሮ መብላት የሚከለከልበት ስፍራ ነበረ። ይሁን እንጂ ማረሻው ከቀጥቃጩ፣ እንስራው ከሸክላ ሠሪዋ፣ ጋቢው ከሸማኔው ካልመጣ አንድም ቤት አይቆምም ነበር። ትናንት በወንዝ ዳር ጭቃ ለውሶ በሬ የሠራው ልጅ፣ ዛሬ ጐልምሶ ከሸክላ ሠሪዋ ድስቱን በገበያ ሲገዛ ቃሉን ከፍ አድርጎ፣ እጁን ሰብስቦ ነበር። ይህ ጠባይ ከልጅነቱ ጋራ አብሮት የተፈጠረ አይደለም፤ ቀስ በቀስ፣ በተረትና በማስፈራሪያ፣ ከትልልቆች የተማረው ነው።

ይህ የሥራ ንቀት ንጉሥንም አልማረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ደጃዝማች ካሳ ሳሉ ተቃዋሚዎቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡዋቸው ነበር፤ እናታቸው በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጠዋል የተባለውን ነቀፋ አድርገው መቍጠራቸው ነው። የሚያስደንቀው ግን ከዙፋን ከወጡ በኋላ ለእጅ ሥራ ያሳዩት ናፍቆት ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ሠራተኞችንና የአገር ልጆችን ሰብስበው የብረት ማቅለጫ አቋቋሙ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም በዚያ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. በብዙ ሺህ ሰው ጕልበት እየተጐተተ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ መንገዱን ለማበጀት በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር የዐይን ምስክሮች ጽፈዋል።

በዚህ ነገር የ1900 ዓ.ም. ታሪክ በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ዐፄ ምኒልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል፣ የተሳደበውንም የሚያስቀጣ ዐዋጅ ወጣ። ሦስቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገናኘታቸው ትርጕም አለው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲሱ መንግሥት በሹመት ብቻ፣ አዲሱም ዘመን በመኪና ብቻ እንደማይመጣ ተረድተው ነበር፤ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው እየተሰደበ መኪና ሊጠገን አይችልምና። ሆኖም ዐዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን ግን በአንድ ቀን አይለውጥም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው፣ እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ ሽጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ከድህነት እንደማይወጣ አስረድተዋል። ከዐዋጁ በኋላም ክርክሩ ያልተዘጋ መሆኑን ይህ መጽሐፍ ያሳያል።

የዚህ ንቀት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማየት ከጎንደር በስተሰሜን ያለችውን የወለቃን መንደር ማሰብ ይበቃል። በዚያ የኖሩት ቤተ እስራኤል፣ በብዙ ስፍራ የርስት ባለቤትነት ስለ ተነፈጋቸው፣ ወንዶቹ በቀጥቃጭነትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ሴቶቹ ከእንስራውና ከድስቱ ሌላ ትንንሽ የጭቃ ምስሎችን፣ አንበሳውን፣ ወፉን፣ ልጅ ያዘለችውን እናት፣ እየሠሩ በመንገድ ዳር ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር፤ እነዚያም ምስሎች በብዙ አገር ቤተ መዘክሮችና ቤቶች ተቀምጠዋል። በመስክ የሚውለው እረኛ በጭቃ የሚሠራውን ያንኑ በሬና ፈረስ፣ እነርሱ በጥበብ አሳድገው እንጀራቸው አድርገውት ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኛው ሕዝብ ወደ እስራኤል ሄደ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14000 የሚበልጥ ሰው በአውሮፕላን ተጓዘ። ከእናቶቹ አንዳንዶቹ በአዲሱ አገራቸውም ጭቃውን ይዘው ምስል መሥራታቸውን አልተዉም። የጎንደር ልጅ ግን ያንን ጥበብ በጐረቤትነት የሚያይበት ዕድል ጠበበ።

ስለ ጨዋታው የተጻፈውም እንዲሁ የሚያሳስብ ታሪክ አለው። ማርሴል ግሪዮል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በጐጃም ተቀምጦ፣ በኋላም ወደ ጎንደር ተመልሶ የሕዝቡን ልማድ ሲያጠና፣ የአገራችንን ጨዋታዎች አንድ በአንድ መዝግቦ በ1935 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በፓሪስ በመጽሐፍ አሳተመ። በአገር ውስጥም በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው ቤተ መዘክር፣ ትርኢቱን በሰው የዕድሜ ተራ ሲያዘጋጅ ልጅነትን ከመጀመሪያው ክፍል አኑሮታል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጨዋታ በመስተዋት ውስጥ የሚታየው አካሉ ብቻ ነው፤ ነፍሱ ያለችው በሚጫወተው ልጅ እጅ ላይ ነው።

አንዳንድ ሰው የድሮው ጨዋታ ከነበረበት አንድ ስንዝር ሳይናወጥ እንዲኖር የምንመኝ ሊመስለው ይችላል። የልጆች ጨዋታ ግን ከቶ ቆሞ አያውቅም፤ ዘመኑን እየተከተለ ይሄዳል። ምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ልጆች አንዱ የአንዱን ልብስ ከኋላ ይዘው፣ ፊተኛው እያፏጨ፣ ባቡር ባቡር ሲጫወቱ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። መኪናውም እንዲሁ ወደ መንደር ገባ። በከተማ ያደግን ሁላችን የሽቦውን መኪና እናስታውሳለን። ሽቦው ከወደቀ አጥር ይለቀማል፤ በድንጋይ እየተቀጠቀጠ ይቃናል፤ አካሉ በዐይን ልክ ይታጠፋል። ጐማው ከለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ወይም ካረጀ ነጠላ ጫማ ይቈረጣል። ከፊተኛው ጐማ የሚነሣ ረጅም ሽቦ ጫፉ እንደ መሪ ይከበባል፤ ልጁም ቀጥ ብሎ እየሮጠ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዞረዋል። ካልሲ በቡትቶ ተጠቅጥቆ ኳስ ይሆናል። ጭቃው ወደ ሽቦ፣ በሬው ወደ መኪና ተለወጠ እንጂ ሠሪው ያው ልጅ ነበር። የልጁ እጅ ከዘመኑ ጋራ አብሮ ተራምዶአል።

ዛሬ ያለው ለውጥ ከዚህ የተለየ ነው። መጫወቻው ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ከሩቅ አገር ፋብሪካ ይመጣል፤ ወይም ደግሞ በእጅ ስልክ መስተዋት ላይ ይንቀሳቀሳል። ልጁ ይመርጣል፣ ይነካል፣ ይሰለቸዋል፣ ሌላ ይጠይቃል። ይህን ስንል አዲሱን መሣሪያ ለመንቀፍ ፈልገን አይደለም፤ ከእርሱም ብዙ ዕውቀት ይገኛል። የሚያሳስበን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ልጁ የሚያውቅበት የመጨረሻው በር እንዳይዘጋ ነው። ቀድሞ ሰው ከልጅነቱ በኋላ ሥራን ቢንቅ እንኳ፣ ጭቃው ቀንድ እስኪያበቅል ስንት ጊዜ እንደሚሰነጠቅ በጣቱ ያውቀው ነበር፤ ይህ ዕውቀት አንድ ቀን ወደ አክብሮት ሊመልሰው ይችል ነበር። ጣቱ ምንም ያልሞከረ ትውልድ ግን ንቀቱን የሚያፈርስበት ትዝታ እንኳ አይኖረውም።

የትምህርት ሊቃውንት ይህን ከጥንት ጀምረው ተረድተውታል። ፍሪድሪሽ ፍሮበል የተባለው ጀርመናዊ መምህር በ1837 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በብላንከንቡርግ ለሕፃናት ያቋቋመው ቤት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የልጆች የአትክልት ስፍራ የሚል ስም ተሰጠው፤ የዛሬው መዋዕለ ሕፃናት የሚቀዳው ከዚያ ነው። በዚያም ቤት ኳስና የእንጨት ጡብ፣ የወረቀት ጕንጕንና የጭቃ ሥራ የትምህርቱ መጀመሪያ ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት በ1989 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ያጸደቁት፣ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ የልጅን የመጫወት መብት አስፍሮአል። እንግዲህ ጨዋታ በሕግም በትምህርትም ዘንድ ስፍራ አግኝቶአል። የቀረው ነገር ለሕፃኑ የሚሰጠው ጨዋታ ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዳ መምረጥ ነው፤ ምንጩም በየጓሮአችን ነበረ።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት በኩል ሦስት ነገሮችን ለማሳሰብ እንደፍራለን። አንደኛው መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ልከው የየአካባቢውን የጨዋታ ስም፣ ሕግና አሠራር እንዲያስጽፉ ነው፤ አያቶቹ ሲያልፉ ከእነርሱ ጋራ የሚያልፍ ብዙ ነገር አለና። ይህም ሥራ የደጋውን ብቻ ሳይሆን የቆላውንም፣ የዐማርኛ ተናጋሪውን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ወገን ልጅ የሚመለከት ነው። ሁለተኛው በየመዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ የጭቃ፣ የአገዳና የሽቦ ሥራ ስፍራ እንዲኖረው ነው፤ ወጪው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚያስፈልገው ልጁ ልብሱን አቈሸሸ ብሎ የማይቈጣ መምህር ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ በየከተማው ያለችው ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው ወደ ትምህርት ቤት ተጋብዘው በልጆች ፊት እንዲሠሩና መምህር ተብለው እንዲጠሩ ነው። የ1900ው ዐዋጅ መስደብን ከለከለ፤ ማክበርን ግን ከዐዋጅ ይልቅ ልጅ ሊያስተምረን ይችላል።

በአገራችን የተሠሩት አብያተ መንግሥትና ሐውልቶች በድንጋይ ስለ ተሠሩ ቆመው ይታያሉ። የጭቃው በሬ ግን በመጀመሪያው ዝናም ይሟሟል፤ የእንግጫው አክሊልም ከእንቍጣጣሽ ሳምንት በኋላ ይደርቃል። ቢሆንም በየዓመቱ አዲስ ልጅ ተነሥቶ ያንኑ መልሶ ይሠራው ስለ ነበር፣ ምንም ሳይጻፍ እስከ እኛ ዘመን ደርሶአል። የጠበቀው ቤተ መዘክር ወይም ብራና አልነበረም፤ የልጅ እጅ ነው። ያ እጅ ዛሬም በየቤታችን አለ፤ ጭቃም ከወንዙ ዳር አልጠፋም።